«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ዓመት ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሊጠናቀቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፗን ከዝናብ ለመከላከል በፌስታል ጠቅልላ ወደ ላቦራቶሪያችን መጣች። ማሽኑ በዋዜማው ምሽት «ማሻሻያ በመጫን ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ሥራውን በማከናወን ላይ ሳለ መብራት ሄደ፤ ባትሪው ካረጀ የቆየ በመሆኑም ኮምፒውተሩ አብሮ ጠፋ። በማግሥቱ ሲበራ በጥቁር መደብ ላይ ጥቂት መስመር ነጭ ጽሑፍ ከማሳየት በቀር አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት አልሄደም። ተማሪዋ በመጀመሪያ የወሰደችው ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ነበር። ባለሙያው ጽሑፉን ለአፍታ ተመልክቶ «ፎርማት ነው የሚሻለው፤ ከሰዓት በኋላ መጥተሽ ውሰጂ» አላት። በውስጡ የሰባት ወራት የውኃ ናሙና ልኬቶችና ግማሽ የደረሰ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳለ ስትነግረው ደግሞ «እሱማ ይጠፋል» ብሎ መለሰላት። እኛ ዘንድ የመጣችው ይህ እውነት መሆን አለመሆኑን ለመጠየቅ ነበር።

እውነት አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነውም ጥያቄው የእርሷ ብቻ ባለመሆኑ ነው። «ፎርማት» የሚለው ቃል በመካከላችን የአንድ የቴክኒክ ተግባር ስም መሆኑ ቀርቶ ለማናቸውም የኮምፒውተር ሕመም የሚታዘዝ ብቸኛ መድኃኒት ሆኗል። ማሽኑ ቢዘገይ ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባ ፎርማት፣ የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ ወይም በተለምዶ «አፕዴት» የምንለው ከተጫነ በኋላ አልነሣም ቢል ደግሞ ያለ ጥርጥር ፎርማት። በእኛ እምነት ይህ ልማድ ስሕተት ነው። ከማሻሻያ በኋላ መነሣት የተሳነው ኮምፒውተር በአብዛኛው የተበላሸበት አንድ ወይም ጥቂት ፋይል ነው፤ የባለቤቱ ሰነዶች ግን በነበሩበት ቦታ በደኅና ተቀምጠዋል። ዲስኩን መደምሰስ እንግዲህ ምርመራን ለመሸሽ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም መርማሪው ሳይሆን ባለ ንብረቱ ነው።

ነገሩ እንዲገባን ኮምፒውተር ሲበራ የሚሆነውን ከሥሩ እንመልከት። «ቡት ማድረግ» የሚለው አነጋገር የመጣው በእንግሊዝኛ «ቡትስትራፕ» ከሚባለው የቡትስ ጫማ መጎተቻ ነው፤ የገዛ ጫማውን መጎተቻ ይዞ ራሱን ከመሬት ሊያነሣ ስለሚሞክር ሰው ከሚነገር ተረብ የተወሰደ ነው። ተረቡ ለኮምፒውተር በሚገባ ይስማማል። ማሽኑ የኤሌክትሪክ ኃይል ባገኘበት ቅጽበት ማህደረ ትውስታው፣ ማለትም ራሙ፣ ባዶ ነው። ሥርዓተ ክወናው ያለው በዲስክ ላይ ነው። ከዲስክ ወደ ራም ለማምጣት ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ ራሱ በዲስክ ላይ ከሆነ ማን ያመጣዋል?

መፍትሔው የዱላ ቅብብል ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ኃይል ቢቋረጥም የማይጠፋ አነስተኛ ፕሮግራም ተቀምጧል፤ በቀድሞዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። እርሱ ሃርድዌሩን ከፈተሸ በኋላ ዲስኩን ፈልጎ ለቀጣዩ ሯጭ ዱላውን ያቀብላል። በባዮስ ዘመን ይህ ቀጣይ ሯጭ የሚገኘው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለ 512 ባይት ውስጥ ነበር። ከዚህ ውስጥ 446ቱ ለፕሮግራሙ፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ ለሚገልጸው ሠንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ባይቶች ደግሞ ለመለያ ምልክት የተመደቡ ናቸው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በ446 ባይት ውስጥ ሊጻፍ የሚችለው አማርኛ 148 ፊደል ብቻ ነው፤ የዚህን ጽሑፍ አንድ አንቀጽ እንኳ አይሸፍንም። ይህ ጥቂት መመሪያ ሌላ ተለቅ ያለ አስነሺ ፕሮግራም ይጠራል። በዩኢኤፍአይ ማሽኖች አስነሺው በአንዲት ትንሽ የዲስክ ክፍልፋይ ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ተቀምጦ ይገኛል። አስነሺው የትኛውን ሥርዓተ ክወና ከየት እንደሚያነሣ የሚነግረውን ዝርዝር አንብቦ ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከአስፈላጊዎቹ ድራይቨሮች ጋር ወደ ራም ያመጣል። ከርነሉ ሥልጣኑን ከተረከበ በኋላ የቀሩትን አገልግሎቶች አንድ በአንድ ያስጀምርና በመጨረሻ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ የሚነካው ከርነሉን፣ ድራይቨሮቹን፣ የሥርዓቱን ልዩ ልዩ ፋይሎችና አንዳንድ ጊዜም አስነሺውን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የላቦራቶሪ መረጃና የቤተሰብ ፎቶግራፍ በዚህ ሁሉ ሩጫ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ማንም ሯጭ አያነባቸውም፣ አይጽፍባቸውምም። ዱላው በመንገድ ላይ ወደቀ ማለት ስታዲየሙ ተቃጠለ ማለት አይደለም።

ቅብብሉን ያወቀ ሰው ዱላው የወደቀበትን ቦታ ከማሳያው ላይ ማንበብ ይችላል። ቁልፉ ተጭኖ የአምራቹ አርማ እንኳ ካልወጣ፣ ችግሩ ገና ከዲስኩ አልደረሰም፤ የተሻሻለው ራሱ ባዮሱ ካልሆነ በቀር የትናንቱን የዊንዶውስ ማሻሻያ መክሰስ አይገባም፤ ራሙን፣ ኃይል ሰጪውንና ማሳያውን መመርመር ይቀድማል። አርማው ወጥቶ «የሚነሣ ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት ከተከተለ፣ ባዮሱ ቀጣዩን ሯጭ አላገኘም ማለት ነው። የዚህ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ከማሳፈር በላይ ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ። የማስነሻ ዝርዝሩ ጠፋ ወይም ተበላሸ የሚል ጽሑፍ ከታየ፣ አስነሺው በሕይወት አለ፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ሰማያዊው ገጽ ከወጣ ከርነሉ ተነሥቷል፤ የወደቀው እርሱ ወይም ከእርሱ ጋር የተነሣ ድራይቨር ነው፤ በገጹ ግርጌ የተጻፈው ኮድም ወንጀለኛውን ለመለየት ይረዳል። ያን ኮድ በስልክ ፎቶ ማንሣት የአንድ ሰከንድ ሥራ ሆኖ ሳለ ሁሉም ተቻኩሎ ማሽኑን ያጠፋዋል።

ማሻሻያ እንዲህ ዓይነት ጉዳት የሚያደርሰው ለምንድን ነው? እኛን በቅርብ የሚመለከተው ምክንያት የመብራት መቋረጥ ነው። ዊንዶውስ በሥራ ላይ ያሉ ፋይሎችን እየተጠቀመባቸው ሳለ ሊተካቸው ስለማይችል፣ መተካቱን ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሣ ያቆየዋል። «አያጥፉ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ስለዚህ ነው። በዚያች ሰዓት ኃይል ከተቋረጠ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሥርዓት ሊቀር ይችላል። መሐንዲሶች ይህን ሲያውቁ ኖረዋል፤ መፍትሔም አላጡለትም። በሊኑክስ ሥርጭቶች አዲስ ከርነል ሲጫን የቀድሞው ወዲያው አይሰረዝም፤ ከጎኑ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አንድሮይድ 7 ጀምሮ ብዙ ስልኮች ሥርዓታቸውን በሁለት ክፍልፋይ ይይዛሉ፤ ማሻሻያው ሥራ በሌለው ክፍልፋይ ላይ ተጽፎ ያልቅና ስልኩ በአዲሱ መነሣት ካልቻለ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ዊንዶውስም ያልተሳካ ማሻሻያን ወደ ኋላ ለመመለስ ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። መብራት በማይታመንበት አካባቢ የሚኖር ተጠቃሚ፣ ላፕቶፑ በቂ ቻርጅ ሳይኖረው «አሁን አሻሽል» የሚለውን ባይጫን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይድናል።

ሁሉም ብልሽት ግን የኃይል መቋረጥ ውጤት አይደለም፤ ማሻሻያው ራሱ የችግሩ ምክንያት የማይሆንበት ጊዜም አለ። ለዚህ ከምናውቃቸው ሁሉ የሚደንቀው ምሳሌ የካቲት 2 ቀን 2002 ዓ.ም. የተጀመረው ነው። በዚያ ዕለት ማይክሮሶፍት ኤምኤስ10-015 የተሰኘ የደኅንነት ማሻሻያ አወጣ፤ ዓላማውም በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ለ17 ዓመታት ተደብቆ የኖረን ቀዳዳ መድፈን ነበር። ማሻሻያውን የጫኑ በርካታ የዊንዶውስ ኤክስፒ ተጠቃሚዎች ማሽናቸውን ሲያስነሡ ሰማያዊ ገጽ ጠበቃቸው፤ ቢያጠፉት ቢያበሩት ያው ነው። ሕዝቡ በሙሉ በማይክሮሶፍት ላይ ጮኸ፤ ኩባንያውም ሥርጭቱን አቆመ። ምርመራው ሲጠናቀቅ የተገኘው ግን ሌላ ነበር። የወደቁት ማሽኖች ማሻሻያው ከመምጣቱ አስቀድሞ አሉሬዮን በሚባል ሥውር ተባይ የተያዙ ነበሩ። ይህ ተባይ በዲስክ ድራይቨሩ ውስጥ ተሸሽጎ የከርነሉን ተግባራት የሚጠራው በስማቸው ሳይሆን በቋሚ አድራሻ ነበር፤ የአንድን ሰው ቤት «ከጥግ ሦስተኛው በር» ብሎ እንደሚፈልግ እንግዳ ማለት ነው። ማሻሻያው ከርነሉን ሲለውጥ የበሮቹ ቅደም ተከተል ተለወጠ። ተባዩ እንደ ልማዱ ሦስተኛውን በር አንኳኳ፤ በሩ ግን በዚያ አልነበረም፤ ማሽኑም ተናጋ።

መፍትሔው በሁለት በኩል ይገኝ ነበር። በኤክስፒ መጫኛ ሲዲ ማሽኑን አስነሥቶ ማሻሻያውን ማውጣት ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ባለቤቱም ይደሰታል፣ ሌባው ግን አሁንም እቤቱ ነው። ሌላው መንገድ የተበከለውን የዲስክ ድራይቨር በንጹሕ ቅጂ መተካት ነው። በእርግጥ እንዲህ ባለ ሥውር ተባይ የተያዘን ማሽን ሰነዶቹን ካወጡ በኋላ ፎርማት ማድረግ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን እንደሚችል አንክድም። ልዩነቱ ግን ምክንያቱን አውቆ በመወሰንና ሳያውቁ በመወሰን መካከል ነው። የተባዩ ጸሐፊዎች በበኩላቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራቸውን ከአዲሱ ከርነል ጋር እንዲስማማ አድርገው «አሻሻሉት»፤ የወንጀለኞቹ የጥገና ቅልጥፍና ከብዙ ሱቆቻችን የበለጠ ሆኖ ማግኘታችን እስከ ዛሬ ያስቀናናል።

ሁለተኛው ምሳሌ በዓለም ዙሪያ የታየ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ለደንበኞቹ አንድ አነስተኛ የመረጃ ፋይል ላከ። ፋይሉ የኩባንያውን ፀረ ጥቃት ፕሮግራም ስለ አዳዲስ የጥቃት ዘዴዎች የሚያስተምር ነበር። ስሕተቱ ሲገለጽ ቀላል ይመስላል፦ አዲሱ መመሪያ 21 ግብዓቶችን ይጠብቃል፤ ፕሮግራሙ የሚያቀርብለት ግን 20 ብቻ ነው። 21ኛውን ሊያነብ ከተፈቀደለት የማህደረ ትውስታ ወሰን ውጪ እጁን ሰደደ። ተራ ፕሮግራም እንዲህ ቢያደርግ ሥርዓተ ክወናው ያን ፕሮግራም ብቻ ይዘጋው ነበር። ይህ ግን በከርነሉ ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር ነበርና ዊንዶውስ ራሱ ወደቀ። ድራይቨሩ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ የተመደበ በመሆኑም፣ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ እንደገና ይወድቃል። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያርመውም፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ማሽኖች ተመትተዋል። በዓለም ካሉት የዊንዶውስ ማሽኖች ከአንድ በመቶ በታች ቢሆኑም በአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ በባንኮችና በሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠሩ ነበሩና፣ ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ብቻ በቀጣዮቹ ቀናት 7,000 ያህል በረራዎችን ሰርዟል።

ጥገናው ምን ነበር? ማሽኑን በ«ሴፍ ሞድ» ወይም በማገገሚያው ገጽ ማስነሣት፣ ወደ አንድ አቃፊ መግባት፣ ስሙ በ«ሲ-00000291» የሚጀምረውን ፋይል መሰረዝ፣ ማጥፋትና ማብራት። ሌላ የለም። አንዳንዶቹ ማሽኖች እንዲያውም ደጋግመው ሲነሡ፣ ከመውደቃቸው በፊት በምትገኝ ጠባብ ጊዜ የታረመውን ፋይል ከኔትወርኩ ለመሳብ ችለዋል። ሥራውን ያከበደው ዕውቀቱ ሳይሆን ብዛቱ ነበር፤ ባለሙያዎች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞሩ በእጅ መሥራት ነበረባቸው። በተጨማሪም ብዙዎቹ ዲስኮች ቢትሎከር በሚባለው ዘዴ የተመሠጠሩ በመሆናቸው በየማሽኑ 48 አኃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ተጠየቀ። ቁልፎቹን ራሱ በተመታ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ድርጅት ምን ያህል እንደተጨነቀ መገመት አያዳግትም። በዚያ ቀውስ መካከል «ሁሉም ይደምሰስ» ያለ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ አንድ ፋይል ለማጥፋት የሚሊዮኖችን ፋይል ባጠፋ ነበር። የእኛ የጥገና ሱቆች በየቀኑ የሚያደርጉት በአነስተኛ መጠን ይህንኑ አይደለምን?

እንግዲህ ማሽኑ ከማሻሻያ በኋላ አልነሣም ያለው አንባቢ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ይታገሥ። የሚሽከረከረው ክብ ምልክት ገና እየዞረና የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሥራው አላለቀም፤ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ከዚያም ፍላሽ፣ ፕሪንተርና ሌላም የተሰካ ነገር ሁሉ ይነቀል። ዊንዶውስ 10ና 11 ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ መነሣት ሲሳናቸው የማገገሚያውን ገጽ በራሳቸው ይከፍታሉ፤ ካልከፈቱ በሌላ ኮምፒውተር የተዘጋጀ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ይከፍተዋል። በዚያ ገጽ ላይ የመጨረሻውን ማሻሻያ ማራገፍ፣ ቀደም ብሎ ወደተመዘገበ ደኅና ሁኔታ መመለስ፣ የማስነሻ ጥገና ማካሄድና በሴፍ ሞድ መነሣት የሚያስችሉ ምርጫዎች አሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው «ይህን ኮምፒውተር ዳግም አስጀምር» የሚለው ነው፤ አንደኛው ምርጫው ፋይሎችን ያቆያል፣ ሌላው ሁሉንም ይጠርጋል፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሊኑክስ ነገሩ የቀለለ ነው፦ ግረብ የተባለው አስነሺ ከሚያሳየው ማውጫ ውስጥ የላቁ አማራጮች የሚለውን ከፍቶ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ሰነዶቹ ይውጡ። ሊኑክስ በፍላሽ ላይ ተጭኖ የኮምፒውተሩን ዲስክ ሳይነካ ሊነሣ ይችላል፤ ከዚያም የዊንዶውሱን ዲስክ ከፍቶ የሚያስፈልገውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ የማንኛውም ተማሪ ሥራ ነው። ዲስኩ የተመሠጠረ ከሆነ ያው 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠየቃል። ስለዚህ ማሽኑ ደኅና ሳለ ቁልፉን በወረቀት ገልብጦ ማስቀመጥ ይገባል፤ በዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ግን አይደለም፤ እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አጋጥመውናል። ዲስኩ እንግዳ የሆነ የመንቋቋት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነም ችግሩ የማሻሻያው ላይሆን ይችላልና፣ ማናቸውንም የጥገና ሙከራ አቁሞ ሰነድ ወደ ማውጣቱ መፍጠን ያስፈልጋል።

የጥገና ባለሙያዎች ለዚህ ክርክራችን መልስ እንዳላቸው እናውቃለን። ፎርማት የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ምርመራ ግን አሥር ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል፣ ግማሽ ቀንም። ደንበኛው ገንዘብ የሚከፍለው ማሽኑ ሲነሣ ስላየ ነው፤ ባለሙያው ለምን እንዳልተነሣ በማሰብ ላጠፋው ሰዓት የሚከፍል የለም። ይህ እውነት ነው፤ ጥፋቱም የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የእኛም የደንበኞቹ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። «በውስጡ ምን አለ? ላውጣልህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሰዓት አይፈጅም፤ ደንበኛውም መልሱን ሲያውቅ ለተጨማሪው ሰዓት ለመክፈል የሚያመነታ አይመስለንም። ሰባት ወር ከወንዝ ውኃ ሲቀዳ የከረመ ሰው በእርግጥ አያመነታም።

ከሁሉም የባሰ የሚያሳስበን ግን ፎርማቱ በሰው ላይ የሚያሳድረው ፍርሃት ነው። ሰነዱ አንድ ጊዜ የጠፋበት ተጠቃሚ ከዚያ በኋላ የሚደርስበት መደምደሚያ «ቅጂ ልያዝ» ሳይሆን «ሁለተኛ አፕዴት አላደርግም» የሚል ነው። «አፕዴት ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በተማሪዎች ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በዓይናችን አይተናል። የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ በ2009 ዓ.ም. ታይቷል። ማይክሮሶፍት አንድን አደገኛ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ መጋቢት 5 ቀን አወጣ፤ ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን ያዳረሰው ግንቦት 4 ቀን ነበር። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር ማለት ነው። በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ማሽኖች ሲቆለፉ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ወደ ሌላ ቦታ እስከ መላክ ደርሰው ነበር። ማሻሻያውን በወቅቱ የጫነ በዚያ ቀዳዳ አልተጠቃም። ከማሻሻያ በኋላ የማይነሣ ኮምፒውተር በአንድ ከሰዓት ይጠገናል፤ ቤዛ ጠያቂ የቆለፈው ሰነድ ግን ቅጂ ከሌለው ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ደግሞ፣ ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ለቀሩ ማሽኖች ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል።

ለመሆኑ ይህን ዕውቀት ከየት እናግኘው? በመጀመሪያው ዓመት የኮምፒውተር መግቢያ ትምህርት ተማሪዎቻችን ጽሑፍ ማስዋብና ሠንጠረዥ መሥራት ይማራሉ፤ ስለ ባዮስም በፈተና የሚመጣ ትርጉም ያጠናሉ። ያልተነሣ ማሽን ፊት ግን አንድም ቀን አልተቀመጡም። የሕክምና ተማሪ ጤነኛ ሰው ብቻ እያየ አይመረቅም። ለፋኩልቲያችን የምናቀርበው ሐሳብ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፦ ከአገልግሎት ውጪ ከሆኑት አሮጌ ማሽኖች አሥሩ ይመረጡ፤ መምህሩ በአንዱ የማስነሻ ዝርዝሩን ያበላሽ፣ በሌላው የማይስማማ ድራይቨር ይጫን፣ በሦስተኛው የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ይለውጥ፣ በአራተኛው ፍላሽ ሰክቶ ይተው። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ከሰዓት ይሰጣቸው። በማሽኑ ውስጥ ያለች አንዲት የጽሑፍ ፋይልም ሳትጠፋ ትገኝ፤ ማሽኑ ተነሥቶ ፋይሏ ከሌለች ነጥብ አይሰጥ። ፍላሹን ነቅሎ በአምስት ደቂቃ የወጣ ቡድንም ሙሉ ነጥቡን ያግኝ፤ ሌሎቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም።

ወደ ተማሪዋ ላፕቶፕ እንመለስ። የተጻፈው ነጭ ጽሑፍ ከሱቁ ባለሙያ የተሠወረ አልነበረም፤ የማስነሻ ዝርዝሩን የያዘው ፋይል መበላሸቱን በግልጽ ይናገራል። በአሥር ኪሎ ባይቶች የሚቆጠር ፋይል ነው። በሊኑክስ ፍላሽ አስነሥተን መጀመሪያ ልኬቶቹንና የመመረቂያ ጽሑፉን ገለበጥን፤ ሁሉም ነበሩ። ቀጥሎ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ወደ ትእዛዝ መስጫው ገብተን፣ የማስነሻ ዝርዝሩን ከራሱ ከዊንዶውስ አቃፊ እንደ አዲስ የሚሠራውን «ቢሲዲቡት» የተባለ የአንድ መስመር ትእዛዝ ሰጠን። ማሽኑ ሲነሣ ያቋረጠውን ማሻሻያ ወደ ኋላ መለሰና ከአርባ ደቂቃ ያህል በኋላ የተማሪዋ ስም በማሳያው ላይ ወጣ። እርሷ ግን ገና ፋይሎቹ በተገለበጡበት ጊዜ ወደ ቤቷ ስልክ ደውላ ነበር። ሁለቱ ፍላሾች አሁን በላቦራቶሪው ቁጥር 2 መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ የተማሪ መታወቂያ አስይዞ እስከ ማግሥቱ መዋስ ይቻላል።